ጡሩምባ ግራሶ አይወድም

ጉቱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ሳለ እንኳ በስልኩ መልስ ይሰጥ ነበር። መልሱን የምትጽፈው ሚስቱ ኦብሴ ነበረች።

ጉቱ በድሮው ምድር ባቡር ሃያ ስድስት ዓመት የፍሬን ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ኦብሴ ደግሞ ድሬዳዋ፣ ወርክሾፑ ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ አጥባለች። ዕቃ ሲባል ሳህንና ብርጭቆ እንዳይመስላችሁ፤ የሎኮሞቲቭ ሆድ ዕቃ ነው። መካኒኮቹ የፈቱትን ፒስተን፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ ሁሉ በግማሽ በርሜል ነጭ ጋዝ ትዘፈዝፈዋለች፣ በብሩሽ ትፈትገዋለች፣ አድርቃም በየተራው ደርድራ ትመልሳለች። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም ባልና ሚስት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ወደ አርሲዋ ሮቤ ተመለሱ። ልጃቸው ነቢላ እዚያው ሱቅ ከፍታ ነበርና እሷ ዘንድ አረፉ።

ጉቱ በስተርጅና ስልክ ሲያገኝ «የሀዲድ ወዳጆች» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። ግሩፑን የከፈተው ወንድምአገኝ የሚባል የአሰላ የፊዚክስ መምህር ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አሰላ ግን በዕድሜዋ ሀዲድ ያልተነጠፈባት ከተማ ሆና ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ባቡር ሲያወሩ እናታቸው ሀዲድ ላይ የወለደቻቸው ይመስላሉ። ሰባ ያህል አባላት አሉ። የዚህኛው ሎኮሞቲቭ ሲሊንደር ስንት ነው፣ የዚያኛው የፍሬን ጫማ በስንት ጊዜ ይቀየር ነበር እያሉ ይከራከራሉ።

ጉቱ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ አንገቱን ያሰግግ ነበር።

«ኦብሴ! የአየር ታንኩን ውሃ በየስንት ቀኑ ነበር የሚያፈሱት?»

«ጠዋት ጠዋት ነዋ! ሳያፈሱት ከወጡ ቧንቧው ውሃ ይጠጣል፣ ፍሬኑም ይዝጋል።»

ጉቱ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ይጽፋል። ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «ይኸው፣ አመሰገኑሽ» ይላታል። እሷም «አንተን ነው እንጂ» ብላ ትስቃለች።

ሲሞት፣ ኦብሴ መርዶውን ለግሩፑ ልትጽፍ አስባ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናት፤ መጻፍ አያቅታትም። ግን እጇ እንቢ አለ። ያን ቃል ከጻፈች ነገሩ እውነት የሚሆን መሰላት። በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ሲንጫጫ ከፈተችው። ሰዎቹ ስለ አሸዋ ሳጥን እየተከራከሩ ናቸው። ሎኮሞቲቭ ዳገት ላይ ጎማው በቦታው ሲሽከረከርበት፣ ነጂው ሀዲዱ ላይ አሸዋ ይለቅለታል፤ ያኔ ጎማው ይይዛል። አንዱ፣ «አሸዋው ርጥብ ቢሆን ይበልጥ ይይዛል» ብሎ ጽፏል፤ ሌሎቹም ተስማምተውለታል።

ኦብሴ ከተጋደመችበት ቀና አለች። «ወላሂ ይሄስ አይሆንም!» አለች ለብቻዋ። ከዚያም ጻፈች። «ርጥብ አሸዋ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። ተነፍቶ፣ እንደ ቆሎ ተቆልቶ ነው ሳጥን የሚገባው። ዳገት ላይ ሳለህ አሸዋው እንቢ ካለህ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው።»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። ወንድምአገኝ፣ «ጋሽ ጉቱ! ጠፍተውብን ነበር እኮ! ደህና ነዎት?» አለ።

ኦብሴ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ» ብላ ጻፈች። ስለ ራሷ ከሆነ እውነት ነበር።

አንድ ጊዜ የጀመሩት ነገር ለመተው ያስቸግራል። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደራረብ፣ የሟች ባሏን ስም ተሸክማ የሰባ ሰው መምህር ሆነች። በየበዓሉ ወንድምአገኝ ለጋሽ ጉቱ የመልካም ምኞት ይልካል። እሷ ደግሞ አንብባ ታለቅሳለች፣ አልቅሳ ታመሰግናለች። ከጉቱ ሞት ወዲህ ያለው ብቸኝነት በዚያ ስልክ በኩል ነበር የሚቀልላት።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት ወንድምአገኝ አንድ ፎቶ ለጠፈ። አዳማ፣ ቁራጭ ብረት ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የሎኮሞቲቭ ጡሩምባ አግኝቷል፤ ክንድ የሚያህል፣ አፉ እንደ አበባ የተከፈተ። አሰላ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሚፍታ የሚባል የግሩፑ አባል ከኮምፕሬሰሩ ጋር አገናኝቶ ነፋስ ሰደደበት። ጡሩምባው ግን እንደታመመ በግ ከማጣጣር በቀር ምንም አላለም።

«ጋሽ ጉቱ ምን ይላሉ?» አለ ወንድምአገኝ።

ኦብሴ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ከፍታ አየችው። የኋላ ክዳኑን አተኩራ አየችና አወቀችው። «የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ አድርጉት» አለች። ፈታ አደረጉት፤ አልሆነም። «ውስጡን በነጭ ጋዝ እጠቡት» አለች። አጠቡት፤ አሁንም አልሆነም። እሷ ደግሞ በእጇ ሳትነካው ከዚህ የበለጠ ማወቅ አልቻለችም። ጣቷ እንጂ ዓይኗ መካኒክ አይደለም።

ሐሙስ ማታ የወንድምአገኝ መልእክት መጣ። «ጋሽ ጉቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጡሩምባውን ይዘን ሮቤ እንመጣለን። እስከዛሬ በአካል ሳናይዎ መቅረታችን ያሳፍረናል።»

ኦብሴ ስልኩን እንደ ፍም ጣለችው።

«እማዬ፣ ከመምጣታቸው በፊት ንገሪያቸው» አለቻት ነቢላ።

ዓርብ ሙሉ ቀን ጻፈች፣ አጠፋች። «ባለቤቴ ጉቱ» ብላ ትጀምርና ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይመጣም። እንዲህ ስትል ቅዳሜ ነጋ።

ረፋዱ ላይ የሚፍታ አሮጌ ፒካፕ ከአሰላ በዲክሲስ መንገድ አቧራ ለብሳ መጣች። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ወንድምአገኝ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው። ሚፍታ ወፍራም ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት በሳሙና የሚለቅ አይደለም። ሦስተኛዋ ራሄል ናት፤ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ በትርፍ ጊዜዋ ግን ሎኮሞቲቮችን ከነብሎናቸው በእርሳስ ትስላለች። ጡሩምባውን ሚፍታ በጆንያ ጠቅልሎ ታቅፎታል። ወንድምአገኝ ደግሞ አዲስ ጋቢ በክንዱ ላይ አጥፎ ይዟል።

ሰላምታው ሲያልቅ ወንድምአገኝ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመለከተ። «ጋሽ ጉቱስ? ተኝተው ይሆን?»

«መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ልጆቼ» አለች ኦብሴ።

ተቀመጡ። እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«ጉቱ የለም» አለች። «ጉቱ ከሞተ ኅዳር ሲመጣ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ራሄል አፏን በእጇ ያዘች። ወንድምአገኝ የሰማውን ያልተረዳ ይመስል መነጽሩን አወለቀ። «ማክሰኞ እኮ ስለ ክዳኑ ጽፈውልናል» አለ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስለ አሸዋውም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እኔ ነኝ። ልነግራችሁ እፈልግ ነበር፣ እጄ ፈራ። አጠፋሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

የወንድምአገኝ ፊት ተለዋወጠ። በመጀመሪያ ቅያሜ የመሰለ ነገር ታየበት። «በየበዓሉ እንኳን አደረሰዎ እላቸው ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሞተ ሰው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እያነበብኩት አለቅስ ነበር።»

ቀድሞ የተነሣው ሚፍታ ነው። ጡሩምባውን ግድግዳ ሥር አስቀመጠና፣ «ቅድሚያ ለቅሶ እንድረስ» አለ። «ብረቱ የትም አይሄድም።» መዳፉን ዘርግቶ ለጉቱ ዱዓ አደረገ። ራሄልና ወንድምአገኝም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፣ በየልባቸውም የራሳቸውን ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ። ነቢላ ሻይ አቀረበች። ኦብሴ የጉቱን ሕመም፣ የመጨረሻ ቀኑን፣ ቀብሩን አወራች፤ እነሱም እንደ ሩቅ ዘመድ ሰሟት። ለሁለት ዓመት ውስጧ የቆመው ለቅሶ የዚያን ቀን ለባቡር ሰዎች ተነገረ።

ወንድምአገኝ ሻዩን ሳይነካው ቆይቶ ጠየቀ። «በሕይወት እያሉስ? ስለ አየር ታንኩ የጻፉልን... እሳቸው ነበሩ?»

«ጣቱ የእሱ ነው» አለች ኦብሴ። «ነገሩን እኔን ጠይቆ ነው። ግን እንደኔ አልሸሸጋችሁም፤ ብትጠይቁት ይነግራችሁ ነበር።»

«ታዲያ እርስዎስ በራስዎ ስም ለምን አልጻፉም?»

«ማን ያምነኛል ብዬ ነዋ! የጉቱ ስም የባቡር ሰው ስም ነው። የኔ ስም ከነጭ ጋዝ በርሜል አልፎ የትም አልደረሰ።»

ወንድምአገኝ ተነሣ። ጋቢውን ዘረጋና ትከሻዋ ላይ አደረገላት። «ለመምህራችን ብለን ነው የገዛነው፣ እትዬ ኦብሴ» አለ።

ኦብሴ ጋቢውን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያም እንዳይቆሽሽባት አውልቃ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ጡሩምባው ዞረች። «በሉ አምጡት» አለች።

ግቢው ውስጥ ሳፋ ቀረበ፣ ነጭ ጋዝ ተቀዳ። ሚፍታ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። የኋላ ክዳኑ ሲነሣ፣ ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሳ የነሐስ ሳህን ወጣ። ነፋስ ሲመታው የሚርገበገበው፣ የጡሩምባው ምላስ የሚባለው እሱ ነው። ኦብሴ በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ዓይኗን ጨፍና ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«ማነው ግራሶ የቀባው?»

ሚፍታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። ደርቆ ነበር፣ እንዲላወስ ብዬ።»

«ጡሩምባ ግራሶ አይወድም፣ ልጄ። ግራሶ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ይጋገራል፣ ምላሱ ይተሳሰራል።»

«ጋራዥ ከከፈትኩ ሃያ ዓመቴ ነው፣ እናቴ። ግራሶ የሚጠላ ብረት አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ ዛሬ አየህ» አለች፤ ራሄል ሳቋን መያዝ አቃታት።

ኦብሴ ሳህኑን ጋዝ ውስጥ ነክራ በለስላሳ ጨርቅ ጠራረገችው። ብሩሽ አልነካችውም፤ ብሩሽ ይጭረዋል። ከዚያ የሚፍታን ጣት ይዛ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ጋ ምን ይሰማሃል?»

ሚፍታ ዳሰሰ። «ትንሽ ቀለበት ነገር... የተበላ።»

«ከቧንቧው አፍ ጋር ሲጋጭ የኖረበት ፊት ነው። ይሄ ፊት ወደ ውስጥ ነበር መሆን ያለበት። አንድ ሰው ገልብጦ ገጥሞታል። ከናንተ በፊት ነው፤ ከግራሶው ሥር ያለው አረንጓዴ ዝገት የቆየ ነበር። ስታጥቡት እንደነበረ መልሳችሁ ከተታችሁት፤ ምን ታደርጉ፣ ማን ነገራችሁ።»

ወንድምአገኝ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ ራሄል ትስላለች። ኦብሴ ይህን ስታይ እጇ ለአፍታ ቆመ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ፣ እጇ የሚሠራውን ሰው ሲጽፍላት የመጀመሪያዋ ነው። ፀሐዩ ላይ የዘረጋችው ዕቃ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ አንገቷን ከግቢው ማዶ ወዳለው የስንዴ ማሳ አዙራ ልቧ ውስጥ ያለውን ምስጋና ለብቻዋ ለፈጣሪዋ ለረቢ አደረሰች።

ሲደርቅ ራሷ ገጠመችው። ነፋስ ያለው ኮምፕሬሰር ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ከሚሠራው ከሰኢድ ዘንድ ነበርና ሁሉም ወደዚያ አመሩ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ጋሪው፣ ሚኒባሱ፣ ሰዉ ይተራመሳል። ጡሩምባውን የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰሩት። ሰኢድ ቱቦውን ሊያገናኝ ሲል ኦብሴ እጁን ያዘችው።

«ታንኩን ውሃ አፍስሰኸዋል?»

ሰኢድ ራሱን አከከ። «መቼ እንደሆነ እንጃ...»

ከታንኩ ሥር ያለውን መክፈቻ ሲከፍት፣ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ አንድ ጣሳ ያህል ወረደ። «ይሄ ሁሉ ጎማ ውስጥ ሊገባ ነበር?» አለ ሚፍታ፤ ሰኢድን እያየ ተሳለቀ። ወዲያው ግን የራሱን ኮምፕሬሰር አሰበ መሰለኝ፣ ሳቁን ዋጠ።

ነፋሱ ተለቀቀ። ጡሩምባው መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ አወጣ። ኦብሴ ጆሮዋን ሰጥታ፣ «ጠብቋል፤ ሩብ ዙር መልሰው» አለች። ሚፍታ መለሰው። አሁን ድምፁ ወፈረ፣ ግን ይንቀጠቀጣል። «ትንሽ... ጸጉር ታህል ወደ ቀኝ። በቃ! ተው! እንዳትነካው!»

ሰኢድ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ለቀቀው።

ባቡር ዞር ብሎ አይቷት በማያውቃት ሮቤ ላይ የባቡር ድምፅ ወጣ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ደረት የሚመታ ድምፅ ነው። የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን ቀሰሩ፤ አንዱም ከነጭነቱ ሊሮጥ ሲል ባለቤቱ በልጓሙ ተንጠለጠለ። ሻጮች ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። አንድ ፖሊስ ኮፍያውን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ሲጮህ፣ ወንድምአገኝ ሊመልስ ሞክሮ አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብበው የኖረውን ድምፅ ገና አሁን መስማቱ ነው፤ ዓይኑ በእንባ ሞልቶ ነበር። መልሱን ራሄል ሰጠች። «ባቡር ነው» አለች። ፖሊሱ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «በየት በኩል?» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ኦብሴ አልሳቀችም፤ የድሬዳዋ ዘመኗ ፊቷ መጣ። የወርክሾፑ በር ይከፈታል፣ ታጥቦ የተገጠመው ሎኮሞቲቭ ለሙከራ ሲወጣ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እሷን ጨምሮ አራት ዕቃ አጣቢ ሴቶችም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ ብለው ያዩታል። ማንም አልበደላቸውም፤ ማንም ደግሞ ዞር ብሎ አላያቸውም። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ይተያዩና «የኛ ነው» ይባባሉ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድምአገኝ ስልኩን አወጣ። «አሁን ለግሩፑ እውነቱን ልንገራቸው፣ ፈቃድዎ ከሆነ። ስምዎን፣ ሥራዎን፣ ሁሉንም።»

«መጀመሪያ የጉቱን መርዶ ጻፍ» አለች። «ከዚያ የኔን ከማንሳትህ በፊት አብረውኝ ያጠቡትን የሦስቱን ሴቶች ስም ጻፍልኝ። በቀለች፣ አስያ፣ ሙቢና። የዕቃ አጣቢ ሥራ ያስተማረችኝ በቀለች ናት። ብረት በጣት ይነበባል ያለችኝ እሷ ናት። ነቢላን ሳረግዝ የጋዙ ሽታ ያስታውከኝ ነበር። ሥራ ብተው ምን እበላለሁ ብዬ ሳለቅስ፣ ‹አንቺ ከውጭ ቁጭ ብለሽ አድርቂ› ብላ የሷንም የኔንም በርሜል ሦስት ወር ብቻዋን ፈተገች። እጇ እስኪላጥ። አላህ ይስጥልኝ እንኳ በወጉ አላልኳትም፤ ልጅ ነበርኩ።»

ነቢላ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይህን ከእናቷ ሰምታ አታውቅም።

ወንድምአገኝ እሷ እንዳለችው፣ ቃል ሳይጨምር ጻፈው። ራሄል ደግሞ የኦብሴን ስልክ ተቀብላ «ኦብሴ ከሮቤ» የሚል አዲስ ስም አወጣችላት። የጉቱን ግን አላጠፋችባትም፤ እንዳለ ተወችው። ያን ዕለት ከሰዓት ስልኩ ሲንጫጫ ዋለ። የጉቱን ነፍስ ይማር የሚል፣ አላህ ይርሐመው የሚል፣ እትዬ ኦብሴ ዕድሜ ይስጥልን የሚል። ርጥብ አሸዋ ይሻላል ያለው ሰውዬ ሳይቀር፣ «ያስተማሩኝ እርስዎ ኖረዋል፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ።

በኋላ ኦብሴ ሁለት ጊዜ አሰላ ተጉዛለች። ሚፍታ ጋራዥ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ አሥር አሥራ አምስት ሰው ይሰበሰባል፤ እሷ ታወራለች፣ እነሱ ይጠይቃሉ። ኩሽኔታ ሲታጠብ ለምን በነፋስ አሽከርክረው እንደማያደርቁት፣ ሞላ ደክሞ እንደሆነ ከአዲስ ጎን አቁመው እንዴት እንደሚለዩት ትነግራቸዋለች። ሚፍታ ኮምፕሬሰሩን ጠዋት ጠዋት ማፍሰስ ጀምሯል፤ እንዳይረሳ ግድግዳው ላይ በኖራ ጽፎታል።

የበቀለችን ወሬ ያመጣ ግን አልተገኘም። ከባቡሩ መቆም በፊት ሐረር ሄዳለች የሚል አንድ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አይታወቅም። ስለ አስያም እንዲሁ። ኦብሴ በየሶላቷ ስማቸውን እየጠራች ዱዓ ታደርግላቸዋለች።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ኦብሴ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ። አነሣችው።

«ኦብሴ! አቦ አንቺ እስካሁን አልሞትሽም እንዴ?» አለ የሻከረ የሴት ድምፅ።

«ማን ልበል?»

«ማን ልበል ትለኛለች! ሳሙናዬን ሰርቀሽ የወሰድሽብኝ ነኛ! እዚሁ ድሬ የልጅ ልጄ ስሜን በስልክ አይቶ ‹አያቴ፣ ታዋቂ ሆነሻል› ብሎኝ እየሳቀብኝ ነው፤ ቁጥርሽንም ያገኘልኝ እሱ ነው። ምንድን ነው የጻፍሽብኝ?»

ኦብሴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ሙቢና!» ብላ ጮኸች። «ሳሙናውን የወሰደችው አስያ ናት፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም!»

ሁለቱ ሴቶች እየሳቁ፣ እያለቀሱ፣ አንዷ የሌላዋን ቃል እየነጠቀች ስልኩ ጆሯቸው ላይ እስኪግል አወሩ። ነቢላ ሱቋን ትታ ወጥታ አየቻት። እናቷ ደረጃው ላይ ቆማ በነጻ እጇ አየር ላይ የሆነ ነገር እየፈተገች ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ኦብሴ ወደ ልጇ ዞረች። «ከአዳማ ድሬ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? ወንድምአገኝን ጠይቂልኝ» አለቻት። «ወይም ተይው፣ እኔው እጽፍለታለሁ።»